የመማሪያ ክፍል ማሠራት የፍሳሽን ጉዳት ይክሳልን?

ጥያቄ፦ በባሕር ዳር፣ በጣና ዳርቻ የምኖር አንባቢያችሁ ነኝ። በአካባቢያችን ያለ አንድ ፋብሪካ ለቀበሌው የመማሪያ ክፍሎች ቢያሠራም ፍሳሹን ወደ ሐይቁ ይለቃል። ማኅበራዊ ኃላፊነቱን ተወጥቷል ይባላልን?

መልስ፦ የተከበሩ ጠያቂያችን፣ አይባልም። አሪስቶትል ሀብትንና ክብርን በሚያከፋፍል ፍትሕና የደረሰን ጉዳት በሚያርም ፍትሕ መካከል የለየው ልዩነት እዚህ ላይ ይጠቅመናል፤ የመማሪያ ክፍሉ ከትርፍ ለሕዝብ የደረሰ ድርሻ ሲሆን፣ ፍሳሹ ግን በታንኳ ዓሣ በሚያሰግረውና ከሐይቁ በሚቀዳው ሰው ላይ የደረሰ በደል በመሆኑ በዳዩ ራሱ ለተበዳዩ ሊክሰው ይገባል። ሕንድ እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣችው የኩባንያዎች ሕግ ትልልቅ ኩባንያዎች ከሦስት ዓመት አማካይ የተጣራ ትርፋቸው ቢያንስ 2 በመቶውን ለማኅበራዊ ሥራ እንዲያውሉ ደንግጋለች፤ ይህም ቢሆን በካዩን ከተጠያቂነት ነጻ አያወጣም።

በእኛ አገር የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 አንቀጽ 11፣ ማንኛውም ሰው የግል ጥቅሙ መነካቱን ማስረዳት ሳያስፈልገው ለፌዴራሉ ወይም ለክልሉ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት አቤቱታ እንዲያቀርብ ይፈቅዳል። ይህን ያህል ሰፊ መብት ተሰጥቶ ሳለ ብዙዎች አለማወቃቸው ያሳዝነኛል። በ30 ቀናት ውስጥ ውሳኔ ካልተሰጠ ወይም አቤት ባዩ በውሳኔው ቅር ከተሰኘ፣ በ60 ቀናት ውስጥ ክስ ሊመሠርት ይችላል። ስለዚህ አቤቱታዎን በጽሑፍ ያቅርቡ፤ የ30 ቀኑ ጊዜ የሚቆጠረው ከዚያ ስለሆነ መሥሪያ ቤቱ የተቀበለበት ቀን የሰፈረበትን ግልባጭ በእጅዎ ያስቀሩ።