የላሜራ ጣሪያ ላላት ጀልባ፦ የውስጥ ወይስ የውጭ የጂፒኤስ አንቴና?

ጥያቄ፦ የምኖረው ጎንደር ነው። ጎርጎራ ላይ 9 ሜትር ርዝመት ያላት የብረት ጀልባ አለችኝ፤ የመሪ ክፍሏ ጣሪያ ላሜራ ነው። አንቴናው ውስጡ ያለ ጂፒኤስ ከመሪው ፊት አስገጥሜያለሁ። ሜዳ ላይ በእጄ ይዤው ስቆም ደህና ይሠራል። ቦታው ላይ ሲሆን ግን አንዴ ይይዛል፣ አንዴ ያጣል፤ ጀልባዋ ስትታጠፍ ደግሞ ስክሪኑ ላይ ያለው የጀልባዋ ምልክት ዘልሎ ሌላ ቦታ ይገኛል። የውጭ አንቴና ልግዛ ወይስ መሣሪያውን ልቀይር?

መልስ፦ መሣሪያው ደህና ነው፤ ጥፋቱ የጣሪያው ነው። የጂፒኤስ ሞገድ ከ20,000 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ሲደርስ በጣም የደከመ ነው። ፋይበር ግላስ፣ ሸራ፣ ፕላስቲክና ደረቅ ሳንቃ ያሳልፉታል። ላሜራና ቆርቆሮ የቱንም ያህል ቢሳሱ አያሳልፉትም። አልፎ አልፎ የሚይዝልዎት በፊት መስታወቱ በኩል ነው፤ የመዝለሉም ምክንያት እሱው ነው። በመስታወቱ የሚታዩት ሳተላይቶች ሁሉ በአንድ ወገን የተሰበሰቡ ናቸው። መሣሪያው ቦታውን የሚያሰላው ከተለያየ አቅጣጫ በሚመጣ ርቀት ስለሆነ፣ ሁሉም ከአንድ ወገን ሲመጡ ስሌቱ ይላላል። ጀልባዋ ስትዞር የሚታዩት ሳተላይቶች ይቀየራሉ፣ ምልክቱም አብሮ ይዘላል።

ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት ይህን ያረጋግጡ። የመሣሪያውን የኤሌክትሪክ ገመድ ለጊዜው አስረዝመው ጣሪያው ላይ ያስቀምጡትና 15 ደቂቃ ይተዉት። ብዙ ጊዜ ተዘግቶ የቆየ መሣሪያ የሳተላይቶቹን ሙሉ ሰንጠረዥ ለመቀበል 12 ደቂቃ ተኩል ስለሚፈልግ አይቸኩሉ። ከዚያ የሳተላይት ገጹን ይክፈቱ። የሞገዱን ጉልበት በቁጥር የሚያሳይ ከሆነ 40 እና ከዚያ በላይ ጥሩ፣ ከ30 በታች ደካማ ነው። ኤችዲኦፒ የሚለው፣ የሳተላይቶቹ አቀማመጥ ለስሌቱ ምን ያህል እንደሚመች የሚያሳየው ቁጥር ከ2 በታች ከሆነ ይመኑት፤ ከ5 በላይ ከሆነ አይመኑት። ከዚያ ወደ ቦታው መልሰው ያንኑ ገጽ ይዩ። ውጭ ጥሩ፣ ውስጥ መጥፎ ከሆነ የውጭ አንቴና ይግዙ። ውጭም መጥፎ ከሆነ ያኔ መሣሪያውን ይጠርጥሩ።

ብዙ ሰው ጣሪያውን ቆርጦ ፕላስቲክ መግጠም ይቀለዋል። አልመክርም። 50 በ50 ሳንቲ ሜትር ቢከፍቱና መሣሪያው ከጣሪያው 60 ሳንቲ ዝቅ ብሎ ቢቀመጥ፣ የሚያየው ሰማይ ከአናቱ በላይ ያለ ወደ 45 ዲግሪ ብቻ ነው። እዚያ ውስጥ የሚገቡት ሳተላይቶች ጥቂትና የተጠጋጉ ስለሚሆኑ መዝለሉ አይቀርም፤ ክረምት ሲመጣ ደግሞ ጣሪያው ያፈሳል። ጣሪያው ሙሉ በሙሉ ፋይበር ግላስ ወይም ሸራ ለሆነ ሰው ግን የውስጡ አንቴና ይበቃዋል፤ የውጭ መግዛት ብር ማባከን ነው። በደንገል ታንኳ የሚሄድማ ጣሪያም ስለሌለበት በእጅ የሚያዝ ጂፒኤስ ከበቂ በላይ ነው።

ከመግዛትዎ በፊት የመሣሪያውን ጀርባ ፎቶ ያንሱ። ሦስት ነገር ሊያገኙ ይችላሉ። የመጀመሪያው ቢኤንሲ ወይም ኤስኤምኤ የሚባል ክብ የአንቴና መሰኪያ ነው፤ እሱ ካለ ሞገዱን የሚያጠነክር ማጉያ ያለው ተራ አንቴና ይበቃል። ማጉያው ኃይሉን የሚያገኘው በዚያው ገመድ ነው፤ መሣሪያውን አብርተው በመሰኪያው መሐል ሽቦና በውጭ ቀለበቱ መካከል በቴስተር ይለኩ። 3.3 ወይም 5 ቮልት ገደማ መውጣት አለበት፤ አንቴናውም ያንኑ የሚቀበል ይሁን። ከባትሪው 12 ቮልት ወደዚህ ገመድ እንዳያስገቡ፤ ማጉያው ወዲያው ይቃጠላል።

ሁለተኛው ኤንኤምኢኤ 0183 በሚባለው የጀልባ መሣሪያዎች መረጃ መለዋወጫ ደንብ የሚሠሩ ሽቦዎች ናቸው። ያኔ የሚገዙት መቀበያው ራሱ ውስጡ ያለበት አንቴና ነው። የአንቴናው መላኪያ ከመሣሪያው መቀበያ ጋር ይገናኛል፣ የመረጃ ፍጥነቱም ሁለቱም ጋ 4800 ይሁን። ሽቦውን በቀለሙ አይመኑ፤ እያንዳንዱ ፋብሪካ የራሱ ቀለም አለው። ሦስተኛው ብዙ መሣሪያዎች በአንድ ዋና መስመር የሚገናኙበት ኤንኤምኢኤ 2000 ነው። በዋናው መስመር በእያንዳንዱ ጫፍ ባለ 120 ኦም መዝጊያ (ተርሚኔተር የሚባል ሬዚስተር) ያስፈልገዋል፤ ኃይሉን አጥፍተው በሁለቱ የመረጃ ሽቦዎች መካከል ሲለኩ 60 ኦም ገደማ ካሳየ ልክ ነው። 120 ካሳየ አንዱ መዝጊያ የለም። ከሦስቱ አንዱም ከሌለ ግን መሣሪያው የውጭ አንቴና አይቀበልም፤ የሚቀየረው ያኔ ብቻ ነው።

ለአንቴናው ቦታ ሲመርጡ ከፍታ አያጓጓዎት። ረጅም እንጨት ጫፍ ላይ ቢሰቅሉት ጀልባዋ በተወዛወዘች ቁጥር እሱ ብዙ ስለሚወዛወዝ የፍጥነቱና የአቅጣጫው ንባብ ይረበሻል። ጣሪያው መሐል፣ ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ከፍ ባለች ቧንቧ ላይ ይበቃል። ያቺን ያህል ከፍ የምናደርገው ጆንያና ሻንጣ ጣሪያ ላይ ሲጫን እንዳይሸፍነው ነው። ከቪኤችኤፍ ሬዲዮ አንቴና ቢያንስ 1 ሜትር ይራቅ። በማግኔት የሚለጠፈው የመኪና ጂፒኤስ አንቴና ላሜራ ላይ ስለሚይዝ ለሙከራ ጥሩ ነው፤ ከኮምፓሱ ግን አርቁት፣ መርፌውን ያስታል።

ገመዱን አይቁረጡ። ተቆርጦ፣ ተጠማዞና በናስትሮ ታስሮ የተቀጠለ የአንቴና ገመድ መብራት ቢያሻግርም ሞገዱን ይበላል፤ ውሃ ሲገባው ደግሞ ጨርሶ ይሞታል። ትርፉን ሰፋ ባለ ክብ ጠቅልለው ያስሩት። ላሜራውን በስተው ጠርዙን በሞረድ ያለስልሱ፣ ቀለም ይቀቡ፣ የጎማ ቀለበት ያስገቡ። ገመዱ ወደ ቀዳዳው ከመግባቱ በፊት ወደ ታች ጎንበስ ብሎ ይውጣ፤ የዝናቡ ውሃ እዚያ ጎንበሱ ላይ ይንጠባጠባል እንጂ አይገባም። ሲሊኮን ሲገዙ ያሽትቱት፦ ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚሸተው ብረትና መዳብ ይበላል፤ የማይሸተውን ይውሰዱ። የውጭ አገር መመሪያዎች ስለ ባሕር ጨው አብዝተው ይጽፋሉ፤ የጣና ውሃ ጨው የለውም። የእርስዎ ጠላት 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለው ፀሐይና የናፍጣ ሞተሩ ንዝረት ነው። ፀሐዩ የገመዱን ሽፋን ይሰነጥቃል፣ ንዝረቱ ማያያዣዎቹን ያላላል፤ በወር አንዴ በእጅ ያጥብቋቸው።

ገጥመው ሲጨርሱ በመሣሪያው ቅንብር ውስጥ የውጭውን አንቴና ይምረጡ። ብዙዎች ይህን ረስተው አንቴናው አልሠራም ይላሉ። አሁንም ደካማ ከሆነ የኤልኢዲ መብራቶችንና የስልክ ቻርጀሩን አንድ በአንድ እያጠፉ የሳተላይት ገጹን ይመልከቱ፤ ርካሽ ቻርጀር ሞገዱን የሚረብሽበት ጊዜ አለ።

ሁለት ነገር ግን የትኛውም አንቴና አያስተካክለውም። አገራችን ለምድር ማግኔታዊ ወገብ ቅርብ ስለሆነች፣ በተለይ በመጋቢትና በመስከረም አካባቢ፣ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ከምሽቱ 1 እስከ 5 ሰዓት ገደማ የላይኛው አየር ሞገዱን ሊያርገበግበው ይችላል። ሲቆራረጥ ይጠብቁት፤ ራሱ ይመለሳል። ሁለተኛው ካርታ ነው። የቆዩት የመንግሥት 1፡50,000 ካርታዎች የተሠሩት አዲንዳን በሚባለው የመለኪያ መነሻ (ዳተም) ሲሆን ጂፒኤስዎ የሚያነበው ደብሊውጂኤስ 84 በሚባለው ሌላ መነሻ ነው። ከዚያ ካርታ ያነበቡትን ቁጥር እንዳለ ካስገቡት ቦታው ወደ 200 ሜትር ይስታል። ቁጥሩን ከማስገባትዎ በፊት የመሣሪያውን ዳተም ወደ አዲንዳን ይቀይሩት፤ ሲጨርሱ ይመልሱት።