መንጋጋዬ ቀጭ ይላል፣ ጆሮዬንም ያመኛል

ጥያቄ፦ አፌን ስከፍት ከግራ ጆሮዬ ፊት ቀጭ ይላል። ጠዋት ጠዋት ጉንጬንና ጆሮ ግንዴን ያመኛል። የጆሮ ጠብታ ሁለት ጊዜ ገዝቼ ተጠቀምኩ፣ ለውጥ የለም። በሳምንት አራት ቀን እቅማለሁ፣ ሁልጊዜ በግራ ጉንጬ ነው። ጥርሴን ልነቀል? (ከድሬዳዋ፣ ሳቢያን)

መልስ፦ ሐኪም የተበላሸ ጥርስ ካላገኘ አይነቀሉ። የታችኛው መንጋጋ ከራስ ቅል ጋር የሚገጥመው ከጆሮ ቀዳዳ ጥቂት ወደ ፊት ስለሆነ፣ የመጋጠሚያው ሕመም ከጆሮ ውስጥ የመጣ ይመስላል። ቦታውን በጣትዎ ጫን ብለው አፍዎን ይክፈቱ፤ ካመመዎት ጠብታው ያልሠራው ለዚህ ሊሆን ይችላል። ቀጭ የሚለው በአጥንቶቹ መካከል ያለው ትንሽ ዲስክ (እንደ ትራስ የሚያገለግል ንጣፍ) ሸሽቶ ሲመለስ ነው። ድምፁ ሕመም ከሌለው ሕክምና አይፈልግም።

የጠዋቱ ሕመም ግን በአብዛኛው የጡንቻ ነው። ጥርስ ከጥርስ መነካካት ያለበት ስናኝክና ስንውጥ ብቻ ነበር። በርጫ ላይ አንዱ ጉንጭ ለሰዓታት ይሠራል፣ ምርቃናው ደግሞ ሳይታወቅ ጥርስ ያስነክሳል። «ወደ ቀኝ አዙረው» የሚለው ምክር ሸክሙን ወደ ሌላው ወገን ከማሻገር በቀር አያቃልለውም። ለሁለት ሳምንት ጫቱንም፣ አብሮት የሚቀርበውን የባቢሌ ኦቾሎኒም፣ ማስቲካና ሸንኮራም ይተዉ።

ማታ ፎጣ በሞቀ ውሃ ነክረውና ጨምቀው ጉንጭዎ ላይ 15 ደቂቃ ያቆዩ (በድሬ ሙቀት የማይመኙት ነገር ቢሆንም)። ከዚያ የምላስዎን ጫፍ ከላይኛው የፊት ጥርስ ጀርባ ላንቃዎ ላይ ያሳርፉ፤ ምላሱ ሳይለቅ አፍዎን ቀስ ብለው 6 ጊዜ ይክፈቱ፣ ይዝጉ። ይህን በቀን 6 ጊዜ ይድገሙት። ቀጭ ካለ ከልክ በላይ ከፍተዋል። ሲያዛጉም አገጭዎን በእጅዎ ደገፍ ያድርጉ። ቀን ቀን ከንፈር ይገጠም፣ ጥርስ ግን አይነካካ።

አይቡፕሮፌን 400 ሚሊ ግራም ከምግብ በኋላ በ8 ሰዓት ልዩነት፣ ከ5 ቀን ላልበለጠ ጊዜ ይረዳል። ጨጓራው የቆሰለ፣ ኩላሊት ወይም ልብ የሚያመው፣ ደም ማቅጠኛ የሚወስድና ነፍሰ ጡር ግን አይውሰዱት፤ ጨጓራው የተነካ ቃሚ ደግሞ ጥቂት አይደለም። ማታ የሚያፋጩ ከሆነ የጥርስ ሐኪም በልክዎ ጠንካራ የጥርስ መሸፈኛ ይሠራልዎታል። ጥርስን ሞርዶ ንክሻ «ማስተካከል» ግን ወደ ኋላ አይመለስምና እምቢ ይበሉ።

ጥያቄ፦ የመንጋጋዬ ቀጭታ በድንገት ጠፋ፣ አፌ ግን እንደ ድሮው አይከፈትም። ድኛለሁ ማለት ነው? (ከሐረር፣ ጁገል)

መልስ፦ አይደለም። ዲስኩ ሸሽቶ ሳይመለስ ቀርቶ ይሆናል። ሦስት ጣትዎን ደራርበው በፊት ጥርሶችዎ መካከል ያስገቡ፤ ሁለት ብቻ ከገባ በጉልበት ሳይከፍቱ በዚሁ ሳምንት የጥርስና መንጋጋ ሐኪም ይዩ። በቅርቡ ቁስል ኖሮዎት አንገትዎም ከደረቀ ግን መንጋጋ ቆልፍ (ቴታነስ) ሊሆን ስለሚችል አሁኑኑ ሆስፒታል ይሂዱ።