ብሮከሩ የጭነት ክፍያዬን ከለከለኝ፤ ሌላውን መኪና መያዝ እችላለሁ?

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ አዘጋጆች፣ በሜሪላንድ የምኖርና በራሴ የማጓጓዣ ፈቃድ ሦስት መኪና በሚይዝ ተጎታች የምሠራ ሾፌር ነኝ። ከአንድ ብሮከር (የጭነት ደላላ) በተቀበልኩት ሥራ ከጨረታ የተገዙ መኪኖችን ጆርጂያ ላለ ዲለር (መኪና ነጋዴ) አድርሻለሁ፤ የተረከበው ሠራተኛም ጉዳት እንደሌለ አይቶ ፈርሟል። የተስማማንበት 1,800 ዶላር ግን ሁለት ወር አልፎት እስካሁን አልተከፈለኝም። ብሮከሩ «ዲለሩ አልከፈለኝም» ሲል ከረመና አሁን ስለ ክፍያው ስጠይቀው ጭራሽ መልስ አይሰጥም። የዚሁ ብሮከር ሌላ ደንበኛ መኪና ተጎታቼ ላይ ስላለ፣ ገንዘቤን እስካገኝ ድረስ እሱን ይዤ ብቆይ መብቴ ነው?

መልስ፦ እባክዎ መኪናውን አይያዙ። ላልተከፈለ የማጓጓዣ ዋጋ ጭነትን የመያዝ መብት የሚሠራው ዋጋው ባልተከፈለበት በዚያው ጭነት ላይ ሲሆን፣ አጓጓዡ ጭነቱን በፈቃዱ ካስረከበ በኋላ ይቀራል። አሁን በእጅዎ ያለው መኪና ባለቤት ስለ ዕዳው ምንም የማያውቅ፣ ምናልባትም የራሱን ሒሳብ አጠናቆ የከፈለ ሰው ነው፤ መኪናውን ቢይዙበት ገንዘብ ጠያቂ የነበሩት እርስዎ ተከሳሽ ይሆናሉ።

ገንዘብዎን የሚያስመልስ የተሻለ መንገድ አለ። ከክልል ወደ ክልል ጭነት የሚያገናኝ ብሮከር ሁሉ 75,000 ዶላር ዋስትና እንዲያስይዝ በ2012 የወጣ የፌደራል ሕግ ያስገድደዋል፤ ቀድሞ የነበረው 10,000 ብቻ ነበር። ዋስትናው የተቀመጠው በትክክል እንደ እርስዎ ላሉ ያልተከፈላቸው አጓጓዦች ነው። በብሮከሩ ኤምሲ ቁጥር (የፌደራል ፈቃድ ቁጥሩ) የኤፍኤምሲኤስኤን፣ ማለትም የጭነት ማጓጓዣን የሚቆጣጠረውን የፌደራል መሥሪያ ቤት፣ ድረ ገጽ ሲፈልጉ ዋሱን ድርጅት ያገኛሉ። ዲስፓች ሺቱን (ብሮከሩ ሥራውን የሰጠበትን ወረቀት)፣ በሁለቱም ወገን የተፈረመበትን ቢል ኦፍ ሌዲንግ (የጭነት ማስረከቢያ ሰነድ)፣ ኢንቮይሱንና የተላላካችሁትን መልእክት አያይዘው ጥያቄዎን በጽሑፍ ለዋሱ ያቅርቡ። ኤፍኤምሲኤስኤ ራሱ ዕዳ አስከፍሎ እንደማይሰጥ ግን ይወቁ፤ እሱ የሚቀበለው አቤቱታ ብቻ ነው።

እዚህ ላይ መዘግየት በእጅጉ ይጎዳል፤ ያው 75,000 ዶላር ለጠያቂዎች ሁሉ የሚከፋፈል ነውና። ብሮከሩ ለእርስዎ ካልከፈለ ለሌሎችም ያልከፈለ ሊሆን ይችላል። ዋስትናው ተሰርዞ ማስታወቂያ ከወጣ ደግሞ ጥያቄ ለማቅረብ የሚታወጀው ጊዜ 60 ቀን ነው።

«ዲለሩ አልከፈለኝም» የሚለውን ቃል እንዲሁ አይቀበሉ። ውላችሁ ክፍያዎ ዲለሩ ሲከፍል ብቻ እንደሚሆን ካልደነገገ፣ የብሮከሩ ገንዘብ መዘግየት የእርስዎን ዕዳ አያስቀርም። በተጨማሪም የፌደራል ደንብ ብሮከር ከደንበኛው የሰበሰበውን ክፍያ እንዲመዘግብ ያዝዛል፤ በጭነቱ ውስጥ ተካፋይ የሆነ አጓጓዥም መዝገቡን የማየት መብት አለው። መዝገቡን በጽሑፍ ይጠይቁ። ብዙ ብሮከሮች ይህን መብት በውል ስለሚያስተዉ አስቀድመው የፈረሙትን በጥንቃቄ ያንብቡ፤ ዲለሩን በቀጥታ እንዳያነጋግሩ የሚከለክል አንቀጽም እዚያው ሊኖር ይችላል። ክልከላ ከሌለ ለዲለሩም ደብዳቤ መጻፍ ይጠቅማል፤ ለብሮከሩ አስቀድሞ የከፈለ ደንበኛ ዳግመኛ ለአጓጓዡ ይክፈል ወይስ አይክፈል በሚለው ላይ ግን ፍርድ ቤቶች አንድ ዓይነት አቋም የላቸውም።

ዋሱ ካልከፈለዎ ክስ ይቀርዎታል። በሜሪላንድ እስከ 5,000 ዶላር ያለ ጉዳይ በአነስተኛ ክሶች ሥርዓት ይታያል፤ ሆኖም ውሉ ክሱ በሌላ ክልል እንዲታይ አስገድዶ እንደሆነ አስቀድመው ያረጋግጡ። ክልል ለክልል ለተጓጓዘ ጭነት አጓጓዡ ዋጋውን የሚከስበት የፌደራል የጊዜ ገደብ 18 ወር ሲሆን፣ የሚቆጠረውም መኪኖቹን ካስረከቡበት ቀን ጀምሮ ነው።