ያነሣውን ዕቃ ይዞ ለሚሸሽ ወጣት ውሻ

ጤና ይስጥልኝ። የሰባት ወር ላብራዶርዎ የተወረወረለትን ዕቃ ሮጦ ቢያነሣም፣ እጅዎ ዘንድ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ዞሮ እንደሚሸሽ፣ ሲይዙትም ጥርሱን ነክሶ አልለቅም እንደሚል ገልጸው ማስረከብን እንዴት እንደሚያስተምሩት ጠይቀዋል። ይህን ዝርያ በማሠልጠን ያገኘሁትን ልምድ አካፍልዎታለሁ።

የላብራዶር ቅድመ አያቶች የካናዳዋ ደሴት የኒውፋውንድላንድ ዓሣ አጥማጆች ውሾች ሲሆኑ፣ በኋላ በብሪታንያ አዳኞች ተኩሰው የጣሉትን ወፍ ሥጋውን ሳይጎዱ እንዲያመጡ እየተመረጡ ተራብተዋል። ስለዚህ በአፍ ይዞ የመሄድ ፍላጎት አብሮት የተወለደ ነው፤ የሚጎድለው ወደ እርስዎ መምጣት የያዘውን መነጠቅ አለመሆኑን ማመን ነው። ውሻው እንደደረሰ እጃችንን ዘርግተን የምንጎትት ከሆነ፣ መቅረብ ማጣት መሆኑን ራሳችን እናስተምረዋለን፤ ብናሳድደው ደግሞ ሁልጊዜ እሱ የሚያሸንፍበት ጨዋታ ይሆንለታል።

እኔ የምጀምረው በሮቹ በተዘጉ ጠባብ ኮሪደር ውስጥ ነው። ውሻ የወደደውን ዕቃ ወደ መኝታው መውሰድ ስለሚፈልግ፣ መኝታውን ከኮሪደሩ ጫፍ አድርጌ እኔ አጠገቡ ዝቅ ብዬ ጎኔን ሰጥቼ እቀመጣለሁ። ሲመጣ አፉንም ራሱንም ሳልነካ ደረቱንና ትከሻውን እያሻሸሁ፣ ዕቃውን እንደያዘ አመሰግነዋለሁ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ዋናው ትምህርት ይኸው ስለሆነ ለመቀበል አይቸኩሉ። እፎይ ብሎ መቆም ሲለምድ አንድ እጅዎን ከአገጩ ሥር አድርገው፣ «ልቀቅ» ብለው ቁራጭ የተቀቀለ ዶሮ ወደ አፍንጫው ያቅርቡ፤ ሲለቅም አንዳንዴ ዕቃውን መልሰው ይስጡት። ምግቡን ግን ከሩቅ አያሳዩት፤ ካየው ዕቃውን መንገድ ላይ ጥሎ ይመጣል።

ወደ ሜዳ ሲወጡ አሥር ሜትር ያህል የሆነ ቀላል ገመድ ያያይዙለት። ገመዱ መሸሽን ለመከልከል እንጂ ውሻውን ለመጎተት አይደለም። ከዚህ ይልቅ እርስዎ ወደ ኋላ ቢራመዱ እሱ ራሱ ይከተልዎታል።

አፉንም ይመልከቱ። የወተት ጥርሶች ከአራት እስከ ሰባት ወር ባለው ጊዜ በቋሚዎቹ 42 ጥርሶች ስለሚተኩ፣ ድዱ ቆስሎ ከሆነ እስኪድን ሥልጠናውን ያቁሙ። ለመወርወር ለስላሳ የሸራ ጥቅል ይጠቀሙ፤ የእንጨት ቁራጭ ጉሮሮን ሊወጋ ይችላል። ከሥልጠና በኋላ ጥቅሉን ያስቀምጡት፤ ሲያኝከው ከዋለ ማኘክን ይለምዳል።

እርጋታን በተመለከተ፣ ከሚወረውሩት ግማሽ ያህሉን እሱ ተቀምጦ እያየ እርስዎ ራስዎ ሄደው ያንሡ። የተወረወረ ሁሉ የእሱ አለመሆኑን ሲረዳ ከመላኩ በፊት መዝለሉ ይቀንሳል። ጥቂት ጊዜ ብቻ ወርውረው፣ ገና ሲጓጓ ያቁሙ።

አንዳንድ አሠልጣኞች ገና ከጅምሩ ፊት ለፊት ተቀምጦ እንዲያስረክብ ያስገድዳሉ፤ በአሜሪካ ጆሮውን ቆንጥጦ ማስያዝም የቆየ ልማድ ነው። ሁለተኛውን ለማንም ቡችላ አልመክርም። ለመጀመሪያውም በዚህ ዕድሜ ጊዜው ገና ነው፤ ወጣት ውሻ ለመቀመጥ ሲያስብ የያዘውን ይጥላልና። እጅዎ ከአገጩ ሥር ሆኖ «ልቀቅ» እስኪሉት ያለ ማኘክ መያዝ ከቻለ በኋላ መቀመጡን ይጨምሩ፤ ሜዳ ላይ መሸሽ ከጀመረም ሳይቆጡ ለጥቂት ቀናት ወደ ኮሪደሩ ይመልሱት።