አይቼ ያልጻፍኩት

ባለፈው ሳምንት ጅማ ውስጥ ከሕክምና ተማሪዎች ጋር ስለ ጎሼ በሽታ፣ ቅባት የሚሰብር ኢንዛይም ጎድሎ ቅባቱ ሰውነት ውስጥ ስለሚከማችበት ሕመም፣ ስናወራ አንዲት ልጅ እጇን አወጣች። «ዶክተር፣ ኢንዛይሙ እየተሰጠ ለምንድን ነው አንዳንዱ ጉዳት የማይለቀው?» አለችኝ። ባጭሩ መለስኩላት። ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

ልጆቼ፣ ነገሩ የቆየ ነው። ክረምት ነበር። የጅማን ክረምት ታውቁታላችሁ፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፣ መብራት ይሄዳል። ማይክሮስኮፔን መስኮት ስር አስጠግቼ በመስታወቱ የቀን ብርሃን እያስገባሁ እሠራ ነበር። የአንዲት የ9 ዓመት ልጅ የመቅኔ ስላይድ መጣልኝ። ጣፊያዋ እምብርቷን አልፎ ወርዷል። ሦስት ጊዜ የወባ መድኃኒት ወስዳለች። ቤተሰቡ ለሥራ ቆላ ወርዶ ስለነበር ጥያቄው አንድ ብቻ ነው፤ ካላ አዛር፣ ጣፊያ የሚያሳብጠው የተውሳክ በሽታ፣ አለ ወይስ የለም?

ተውሳኩን ፈለግሁ፣ የለም። ግን ትልልቅ ሴሎች ነበሩ። ውስጣቸው ተጨምቆ ሳይዘረጋ የደረቀ ነጠላ ይመስላል፤ ጭርምትምት ያለ። ቆም ብዬ አየኋቸው። ቀለሙ ተበላሽቶ ይሆናል አልኩ። ሌሎች ስላይዶች ተደርድረው ይጠብቁኛል። «ካላ አዛር አልታየም» ብዬ ጽፌ ፈረምኩ።

አባቷ ኮፍያቸውን ይዘው በሩ ላይ ቆመዋል። ከሰቃ በኩል የመጡ ቡና አምራች ናቸው። «ዶክተር፣ ክፉ ነገር ነው?» አሉኝ። «አባት፣ የፈራነው የለባትም፣ ደስ ይበልዎት» አልኳቸው። በአማርኛም በኦሮምኛም መረቁኝ። ያ ምርቃት እስከ ዛሬ ይከብደኛል።

ከ5 ዓመት በኋላ አባቷን ተደግፋ እያነከሰች መጣች። ራጅ ላይ የጭን አጥንቷ ራስ ተደፍጥጧል። የድሮውን ስላይድ ከካቢኔ አወጣሁ። አቧራውን በጋዋኔ ጫፍ ጠርጌ አየሁት። ሴሎቹ እዚያው ናቸው፤ የጎሼ ሴሎች።

በኋላ መድኃኒቱን፣ የጎደላትን ኢንዛይም፣ በእርዳታ አገኘች። በየሁለት ሳምንቱ በደም ሥር የሚሰጥ ነው። 350 ኪሎ ሜትር ገደማ እየተጓዘች አዲስ አበባ ትመላለስ ነበር። ነስሯ ቆመ። ደሟ ሞላ። ጣፊያዋም በጣም ቀነሰ፤ ሆዷ ሲቀንስ አባቷ ቀሚሷን አስጠበቡላት። ዳሌዋ ግን አልተመለሰም።

ለጠየቅሽኝ ልጅ፣ መልሱ ይኸው። ያረጁ የደም ሴሎችን የሚበሉት ማክሮፌጆች ቅባቱን የሚሰብር ኢንዛይም ሲጎድላቸው ቅባቱ ይከማችባቸዋል። በመርፌ የሚሰጠው ኢንዛይም ጫፉ ላይ ማኖዝ የሚባል ስኳር ስላለ ማክሮፌጆቹ ለይተው ይወስዱታል። ቅባቱን ይሰብራል፤ ሥራው እሱ ነው። ደም ተቋርጦበት የሞተ አጥንት ግን ቅባት አይደለም። ጣፊያና ጉበት ውስጥ የቆየ ጠባሳም እንደዚያው። ሳንባና ንፍፊት ውስጥ ደግሞ ከሕክምናው በኋላም የሚቀሩ ሴሎች አሉ። አንጎል ውስጥ ጭራሽ አይገባም። የመጀመሪያው መድኃኒት አሜሪካ የተፈቀደው በ1991 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው፤ ከሰው እንግዴ ልጅ ይወጣ ነበር። በዚህ ሁሉ ድካም የተገኘ መድኃኒት ዘግይቶ ሲደርስ አጥንት አያስነሳም።

በሽታው በስሙ የተጠራለት ፈረንሳዊው ሐኪም ፊሊፕ ጎሼ ራሱ በ1882 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር እነዚህን ሴሎች ሲያይ የጣፊያ ዕጢ መስለውት ነበር። ተሳስቷል። ግን ያየውን ጻፈው።

አንብቡ፣ በሽተኛ አክብሩ አልላችሁም፤ ታውቁታላችሁ። እኔን የሚያናድደኝ ስልካችሁ ነው። ስላይዱን ፎቶ አንስታችሁ ወደ ሌላው ታልፋላችሁ። እኛ በእርሳስ እንስል ነበር፤ እጅ ሲስል ዓይን ይቆያል። ደግሞ ሳስበው፣ ያን ቀን ስልክ ኖሮኝ በቴሌግራም ለአንድ ሰው ብልከው ኖሮ የሚያውቀው አይጠፋም ነበር። ስለዚህ አንሱ። ሳሉም። ያላወቃችሁትን ግን «ምንነቱን ያላወቅሁት ትልቅ ሴል አለ» ብላችሁ ሪፖርቱ ላይ ጻፉት። ያቺን አንድ መስመር ነው እኔ የነፈግኳት።

ስላይዱ አሁንም አለ። ሐሙስ ከሰዓት ነይ፣ አብረን እናየዋለን።