ሳውዘርን ጎስፕልን ከማን ልጀምር ላልከው

ሳውዘርን ጎስፕል በአሜሪካ ደቡብ የተወለደ፣ ብዙ ጊዜ አራት ወንዶች በኅብረት የሚያዜሙት የክርስቲያን መዝሙር ነው። እኔ ብሆን ከብላክውድ ብራዘርስ እጀምራለሁ። እ.ኤ.አ. በ1934 ሚሲሲፒ ውስጥ የተመሠረተ ኳርቴት፣ ማለትም የአራት ዘማሪዎች ቡድን ነው። በ1954 ከአባላቱ አር ደብሊው ብላክውድና የባስ (የወፍራም ድምፅ) ዘማሪው ቢል ላይልስ በአውሮፕላን አደጋ ሞቱ፤ በላይልስ ቦታ ጄ ዲ ሰምነር ገባ። የኔ ሰው እሱ ነው! ሦስቱ ከላይ ሲያዜሙ የሱ ድምፅ ቁልቁል ወርዶ ወርዶ ደረትህ ውስጥ ይሰማሃል። በስልክህ ስፒከር እንዳትሰማው፣ ጆሮ ማዳመጫ አድርግ። ኤልቪስ ፕሬስሊ ከልጅነቱ ጀምሮ አድናቂው ነበር፤ ኋላም ሰምነር ስታምፕስ ኳርቴትን ይዞ መድረክ ላይ አጅቦታል።

ቀጥሎ የስቴትስመን ኳርቴቱን ጄክ ሄስ ስማ። እያንዳንዷን ቃል ጥርት አድርጎ ስለሚያወጣት፣ እንግሊዝኛህ ብዙም ባይሆን እንኳ ግጥሙ አያመልጥህም። የጎስፕል ዘማሪውና የመዝሙር ደራሲው ቢል ጌይዘር ከ1991 ጀምሮ ባስቀረጻቸው የኅብረት ዝማሬ ቪዲዮዎች ላይ ሰምነርንም ሄስንም በስተርጅና ታገኛቸዋለህ።