ዊኒፔግ ልትመጡ ላሰባችሁ፦ ጥያቄያችሁና መልሴ

በካናዳዋ ማኒቶባ ክፍለ ሀገር ባለችው ዊኒፔግ ከተማ ስኖር 14 ዊንተር አሳልፌአለሁ፤ ብዙ እንግዳም ተቀብዬ ሸኝቻለሁ። ስለ ጉብኝት የጠየቃችሁኝን እነሆ መልሼአለሁ።

እናቴ 68 ዓመቷ ነው። በጃንዋሪ ላምጣት ወይስ እስኪሞቅ ልጠብቅ?

ጤናዋ ደህና ከሆነ አምጪያት፣ እህቴ። የእኔም እናት በጃንዋሪ ነው የመጣችው። ከኤርፖርቱ በር ወጥታ የመጀመሪያውን አየር ስትስብ አፍንጫዋን ከውስጥ ቆነጠጣት። «ኧረ ልጄ፣ ምንድን ነው ይሄ?» ብላ በነጠላዋ አፏን ሸፈነች። መኪናው ጋ እስክንደርስ የገዛ ትንፋሿ ሽፋሽፍቷ ላይ ነጭ ሆኖ ረግቶ ነበር። በሦስተኛው ቀን ግን «እንውጣ» ያለችኝ እሷው ናት።

የወሩ አማካይ ከዜሮ በታች 16 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ከ30 በታች የሚወርድባቸው ሌሊቶችም አሉ። ነፋሱ ተጨምሮበት ከዜሮ በታች 40 ሆኖ ሲሰማ ያልተሸፈነ ቆዳ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ውስጥ ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ ነገሩ ሁሉ ልብስ ነው። ከውስጥ ጥጥ አታልብሻት፤ ላብ ይዞ ያቀዘቅዛል፣ ሱፍ ይሻላል። ቡቱ ከቁጥሯ ከፍ ያለ ይሁን፤ ጣት ከተጨናነቀ ደም አይዘዋወርም። ጓንቱም አውራ ጣቱ ብቻ የተለየ፣ አራቱን ጣቶች አንድ ላይ የሚይዘው ይሁን። ካፖርቱን እዚሁ ግዥ፤ ከአዲስ አበባ የሚመጣው አይበቃም።

ለስብሰባ መጥቼ የሚተርፈኝ አንድ ቀን ነው። ምን ልይ?

ከፎርክስ ጀምር፣ ወንድሜ። ሬድና አሲኒቦይን የሚባሉት ወንዞች የሚገናኙበት ነው፤ የአገሩ ነባር ሕዝቦች ለ6,000 ዓመታት የተሰባሰቡበት ቦታ። በዊንተር በረዶው ሲጠነክር ሰው ወንዙ ላይ ይንሸራተታል፣ በእግሩም ይሄድበታል። አጠገቡ በፈረንጆች አቆጣጠር በ2014 የተከፈተው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው) የሰብዓዊ መብቶች ሙዚየም አለ። ቢያንስ ሦስት ሰዓት ስጠው። ከታች ከጨለማው ተነስተህ፣ ከውስጥ መብራት በሚፈነጥቅባቸው፣ አልባስተር ከሚባል ብርሃን አሳላፊ ድንጋይ በተሠሩ መተላለፊያዎች እየወጣህ 100 ሜትር ከፍታ ወዳለው ማማ ትደርሳለህ። እዚያ ላይ ሆነህ ሜዳውን ስታየው ምድሩና ሰማዩ የሚገናኙበት መስመር በየትም በኩል በተራራ አይቋረጥም። ተራራ አገር ላደግን ሰዎች ይህ ዝም ያሰኛል።

ጊዜ ከተረፈህ ድልድዩን ተሻግረህ ሴንት ቦኒፌስ የሚባለው ሰፈር ግባ። የድሮው ካቴድራል በ1968 ተቃጥሎ የፊት ግንቡ እስካሁን ቆሟል። በግቢው ውስጥ በ1885 የተሰቀለው የሜቲሶች (ከነባር ሕዝቦችና ከአውሮፓውያን የተወለደ ሕዝብ) መሪ ሉዊ ሪየል ተቀብሯል፤ ማኒቶባ በ1870 ክፍለ ሀገር የሆነችው በእሱ ትግል ነው።

ከቶሮንቶ በመኪና መንዳት ያዋጣል?

በሰመር አዎ፣ በዊንተር አልመክርም። 2,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ሦስት ቀን ያዙለት። በሰሜን ኦንታሪዮ ሙስ የሚባለው ግዙፍ አጋዘን ማታ መንገድ ላይ ይቆማልና ከመሸ አትንዱ። ዊኒፔግ ልትደርሱ ስትሉ ጫካው ያልቅና ሜዳው ይዘረጋል፤ እዚያ ጋ ወረድ ብላችሁ እዩት። በዊንተር የመጣችሁ እንደሆነ ደግሞ፣ ከመኪናዎች ኮፈን የተንጠለጠለው የኤሌክትሪክ ገመድ ሞተሩን የሚያሞቅ ነው፤ ማታ ሰክታችሁ ተኙ።

ልጄ፣ የልጅ ልጆቼ ነጩን ድብ ማየት ይፈልጋሉ። ከተማው ውስጥ አለ?

አለ፣ አባቴ፤ አሲኒቦይን ፓርክ የእንስሳት ማቆያ ውስጥ ያዩታል። እንዲያውም ከመስታወቱ መተላለፊያ ሥር ሲቆሙ ከራሳቸው በላይ ይዋኝላቸዋል። በዱር ያለውን ለማየት ቸርችል ወደምትባለው ከተማ መሄድ አለብዎት፤ 1,000 ኪሎ ሜትር ያህል በስተሰሜን ነው፣ የመኪና መንገድም የለውም። በባቡር ሁለት ቀን ገደማ ይፈጃል፣ አውሮፕላንም አለ። ወቅቱ ኦክቶበርና ኖቬምበር ነው። ወጪው ከባድ ስለሆነ ለልጆቹ የከተማው ይበቃል ባይ ነኝ።

ሰመሩስ እንዴት ነው?

ደስ ይላል። በጁን ፀሐይ የምትጠልቀው በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 3 ሰዓት ከ40 ገደማ ነው። ቢንቢው ግን ብዙ ነው፤ እጅጌው ረጅም ልብስ ያዙ። በኦገስት ከመጣችሁ ፎክሎራማ አያምልጣችሁ፤ በ1970 የተጀመረ የባህሎች በዓል ነው፣ ሁለት ሳምንት ይቆያል።

እንጀራ ይገኛል?

ይገኛል። የአበሻ ምግብ ቤትም አለ፣ ይዛችሁ አትምጡ።

ስልኬ ብርዱ ውስጥ ይሠራል?

ባትሪው ድንገት ያልቃል። ከካፖርትሽ ውስጥ ደረትሽ ጋ ያዥው፤ ፎቶ ልታነሺ ስትዪ ብቻ አውጪው።